ፊደል ስለማይጽፈው ድምፅ

የሰው ቋንቋ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው በዐይን የሚታየው ጽሕፈት ነው፥ ሁለተኛውም በጆሮ የሚሰማው ድምፅ ነው። ጽሕፈትም የድምፅ ሎሌ ነው እንጂ ጌታ አይደለምና፥ ጌታው የሚናገረውን ሁሉ ሳያጐድል የሚጽፍ ፊደል በዓለም ላይ አይገኝም። ስለዚህ ቋንቋን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ቃሉን ያውቃል፥ ድምፁን ግን አያውቅም፤ ለራሱ ያነባል፥ ለሌላው ግን አያሰማም። ይህ ጕድለት በየቋንቋው ሁሉ ቢኖርም በእንግሊዝ ቋንቋ እጅግ ይብሳል፤ ይልቁንም አንባቢው ረጅም ቃል በገጠመው ጊዜ።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ነገር ከራሱ ቋንቋ ሊረዳው ይችላል። የጌታችን የልደት በዓል «ገና» ይባላል፤ ጊዜው አለመድረሱን ለመናገርም «ገና» ይባላል። ሁለቱ ቃላት በጽሕፈት አንድ ናቸው፤ በንግግር ግን የፊተኛው ይጠብቃል፥ የኋለኛው ይላላል። «ዋና» የሚለውም ቃል ሲላላ በውሃ ላይ መንሳፈፍ ነው፥ ሲጠብቅ ግን የነገሩ ራስ ማለት ነው። «አለ»ም ሲላላ ተናገረ፥ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ይሆናል። በአገሩ ያደገ ኢትዮጵያዊ ሕፃን እነዚህን ቃላት አይሳሳታቸውም፤ እናቱ በጆሮው አስተምራዋለችና። ከሌላ አገር መጥቶ ፊደሉን ብቻ ያጠና ሰው ግን በዓሉን ከጊዜ መዘግየት ጋራ ቢያደባልቀው ሊፈረድበት አይገባም፤ ፊደሉ አልነገረውምና።

እንግሊዞችም እንዲሁ በፊደላቸው የማይጽፉት፥ በአንደበታቸው ግን ከቶ የማይተዉት አንድ ነገር አላቸው። ይኸውም ከረጅም ቃል ክፍሎች አንዱን ለይቶ በእርሱ ላይ ድምፅን ማንሣት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ድምፁን በየክፍሉ ከሞላ ጐደል እኩል አድርጎ ያካሂዳል፤ እንግሊዛዊ ግን አንዱን ክፍል ከፍና ረዘም አድርጎ ይናገረዋል፥ የቀሩትንም ዝቅ ባለ ድምፅ ፈጠን ብሎ ያልፋቸዋል። ይህ ነገር ጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ሰሚው ቃሉን የሚለየው በሚነሣው ክፍል ጭምር ነውና፥ ድምፁ ያለ ስፍራው ቢነሣ ወይም ከቶ ባይነሣ፥ ፊደሎቹ ሁሉ ተሟልተው ቢነገሩም እንኳ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆንበታል፥ ወይም ምንም ቃል ሳይሆን ይቀርበታል።

ከ1933 ዓመተ ምሕረት የነጻነት ጊዜ ወዲህ እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ከባዕዳን ቋንቋዎች ሁሉ የበለጠ ስፍራ ስለያዘ፥ ይህ ችግር የብዙ ሰው ችግር ነው። ይልቁንም በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር በተተከሉት የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግሉ ካህናት ያውቁታል። በዚያ ከተወለዱት ልጆች ብዙዎቹ አማርኛውን በከፊል ቢሰሙ ግዕዙን ግን አይሰሙትምና፥ መልእክቱና ወንጌሉ በእንግሊዝኛም ሊነበብላቸው ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በአሜሪካ አገር ከአንዲት ደብር የሚያገለግሉ አንድ ቄስ ነበሩ። በልጅነታቸው በጎጃም ንባብ ቤት ገብተው፥ ዳዊት ደግመው፥ ቅኔም ቈጥረው ያደጉ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛውንም በጕልምስናቸው ከመጽሐፍ ተምረው የቃላቱን ትርጓሜ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አንድ እሑድም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች ከጻፈው መልእክት በእንግሊዝኛ ለልጆቹ አነበቡ። ፊደል አልገደፉም፥ መስመርም አልዘለሉም። ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ግን የዐሥራ ሁለት ዓመት ብላቴና መጥታ መስቀል ተሳለመችና «አባ፥ ዛሬ ያነበቡልን ግዕዝ ነው ወይስ እንግሊዝኛ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ልጅቱ ለማወቅ ጠየቀች እንጂ ለመሳለቅ አልነበረም፤ ስለዚህም ነገሩ ከስላቅ ይልቅ ጠልቆ ተሰማቸው።

ቄሱ ግን አልተቈጡም። ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተው፥ በመጨረሻ ትዝ ያላቸው የንባብ ቤት ትምህርታቸው ነበር። በግዕዝ ንባብ ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ተጣይ፥ ሰያፍ የሚባሉ አራት ዐበይት ንባቦች አሉ። እነዚህም በፊደሉ ላይ አይታዩም፤ መምህሩ በቃሉ ይሰጣል፥ ደቀ መዝሙሩም በጆሮው ይቀበላል። «ቀተለ» የሚለውን ግሥ በተነሽ ማንበብ ሲገባው ጥሎ ያነበበ ተማሪ ፊደሉን አልሳተም፤ የኔታ ግን ሳያርሙት አያልፉም። ቄሱም ይህን ባሰቡ ጊዜ «ለካ እንግሊዝኛም የራሱ ተነሽ፥ የራሱም ወዳቂ አለው፤ እኔ ግን ሁሉን በአንድ ዜማ ሳነበው ኖሬአለሁ» አሉ። ከዚያም ቀን ጀምረው እንደ ገና የንባብ ቤት ተማሪ ሆኑ።

መጀመሪያ የያዙት ሥራ ረጅሙን ቃል መክፈል ነበር። ክፍለ ቃል ማለት አፍ አንድ ጊዜ ተከፍቶ በአንድ አናባቢ የሚወጣ ድምፅ ነው። ስለዚህ የክፍሉ ቍጥር የሚታወቀው የተጻፉትን ፊደሎች በመቍጠር ሳይሆን የሚሰሙትን አናባቢዎች በመቍጠር ነው። ውብ ማለት የሆነው «ብዩቲፉል» በላቲን ፊደል ሲጻፍ አምስት የአናባቢ ፊደሎች አሉት፤ የሚሰሙት አናባቢዎች ግን ሦስት ናቸውና፥ ብዩ–ቲ–ፉል ተብሎ በሦስት ይከፈላል። እንዲሁም በብዙ ቃላት መጨረሻ እየተጻፈ ድምፅ የሌለው የአናባቢ ፊደል አለ፤ እርሱም አይቈጠርም።

በዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል ለተማሪው ረዳትም እንቅፋትም ይሆንበታል። ተነባቢውን ከአናባቢው ጋራ በአንድ መልክ ስለሚጽፍ፥ ቃልን በክፍል መስማትን ያስለምዳልና ረዳት ነው። እንቅፋት የሚሆነው ግን በሳድሱ ነው። ሳድስ ሁለት ጠባይ አለው፤ «ብር» በሚለው ቃል የፊተኛው ሳድስ ድምፅ አለው፥ የኋለኛው ግን የለውም። ኀይል ማለት የሆነው «ስትሬንግዝ» በላቲን ስምንት ፊደል ሲሆን አናባቢው አንድ ብቻ ነው፤ እንግሊዛዊም አፉን አንድ ጊዜ ከፍቶ ይጨርሰዋል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ከፊቱ «እ» ይጨምርበታል፥ በመካከል ላሉትም ሳድሶች ድምፅ ይሰጣቸዋል፤ አንዱም ክፍል ሦስትና አራት ይሆናል። ቄሱም ይህን ለማስቀረት ሳድሶቹን እንደ አንድ ነዶ አስረው መናገርን ተለማመዱ።

የአከፋፈሉ ሥርዓት ብዙ ልዩነት ቢኖረውም ጥቂት ደንቦች አብዛኛውን ቃል ይመራሉ። በሁለት አናባቢዎች መካከል ሁለት ተነባቢዎች ቢገኙ፥ ብዙ ጊዜ አንደኛው ከፊተኛው ክፍል ጋራ ይቀራል፥ ሁለተኛውም ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ቅርጫት ማለት የሆነው «ባስኬት» ባስ–ኬት ይሆናል። የተገኘው ተነባቢ አንድ ብቻ ሲሆን፥ የፊተኛው አናባቢ ረጅም ከሆነ ተነባቢው ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል፤ ወረቀት ማለት የሆነው «ፔፐር» ፔ–ፐር ነው። አናባቢው አጭር ከሆነ ግን ተነባቢው ከእርሱ ጋራ ይቀራል፤ ሎሚ ማለት የሆነው «ሌመን» ሌም–ኧን ተብሎ ይከፈላል። ሁለት ሆነው ተጽፈው አንድ ድምፅ የሚሰጡ ፊደሎች፥ አባት ማለት በሆነው «ፋዘር» መካከል እንዳሉት፥ አይለያዩም። እጅግ ረጅም በሆነው ቃል ደግሞ በፊቱ የተጨመረውንና በኋላው የተቀጠለውን ለይቶ ግንዱን ማግኘት ይጠቅማል።

የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው በዚህ ነገር ብዙ ደክመዋል። ሳሙኤል ጆንሰን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1755 ዓ.ም. ባሳተመው መዝገበ ቃላት የሚነሣውን ክፍል በምልክት አሳየ፤ ጆን ዎከርም በ1791 ዓ.ም. ስለ ቃላት አነጋገር የታወቀውን መዝገበ ቃላቱን አወጣ። በአሜሪካ ኖህ ዌብስተር በ1783 ዓ.ም. ለሕፃናት ባሳተመው የንባብ መጀመሪያ መጽሐፍ፥ ቃል በሚሰማው ድምፅ እንዲከፈል አስተማረ፤ ዘለላ ማለት የሆነውን «ክላስተር» ክላ–ስተር ሳይሆን ክላስ–ተር አድርጎ ከፈለው። ልዩነቱም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ዕውቀት ማለት የሆነው ቃል በመስመር መጨረሻ ሲቈረጥ በአሜሪካ መጻሕፍት ኖል–ኤጅ ይሆናል፥ በቈየው የእንግሊዞች ልማድ ግን ኖ–ሌጅ ነው።

ምልክቱም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቀድሞዎቹ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት የማንሻው ምልክት ከሚነሣው ክፍል በኋላ ይቀመጣል፤ በዓለም አቀፉ የድምፅ ጽሕፈት ግን ከሚነሣው ክፍል በፊት ይቀመጣል። ቄሱም የቅዱሳት መጻሕፍት ስሞች ተከፍለው ምልክት የተደረገባቸውን አንድ የቈየ የአሜሪካ መጽሐፍ ቅዱስ አግኝተው ነበርና፥ በመጀመሪያው ሳምንት ምልክቱን ባለማወቅ የሚቀጥለውን ክፍል ሲያነሡ ሰነበቱ።

ቃሉ ከተከፈለ በኋላ የሚነሣውን ክፍል ማግኘት ይቀራል። የዚህም ቍልፍ ብዙ ጊዜ በቃሉ ጅራት ላይ ነው። በ«ሽን» የሚጨርስ ረጅም ስም ከ«ሽን» በፊት ባለው ክፍል ይነሣል፤ ትንሣኤ ማለት የሆነው ቃል ሬዝ–ኧ–ሬክ–ሽን ተብሎ በአራት ተከፍሎ በሦስተኛው ይነሣል። በ«ኢቲ» የሚጨርሰውም ከእርሱ በፊት ባለው ይነሣልና፥ «ዩኒቨርሲቲ» ዩ–ኒ–ቨር–ሲ–ቲ ሲባል «ቨር» የሚለው ነው የሚነሣው። የተሰሎንቄ ሰዎች ስም ቴስ–ኧ–ሎ–ኒ–ኧንዝ ተብሎ «ሎ» ከፍ ይላል። የኦሪት ዘዳግም ስም ዱ–ተ–ሮን–ኧ–ሚ ተብሎ ከመጨረሻው ሦስተኛ በሆነው «ሮን» ላይ ይነሣል። አንዳንዱ ጅራት ደግሞ ድምፁን ለራሱ ይወስዳል፤ «ኢንጂኒር» የሚለው ቃል በመጨረሻው ክፍል በ«ኒር» ይነሣል። ደንቡ ግን የማይሻር ንጉሥ አይደለም። በ«ኢክ» የሚጨርሱ ቃላት አብዛኞቹ ከ«ኢክ» በፊት ባለው ክፍል ሲነሡ፥ «ካቶሊክ»ና «አራቢክ» የሚሉት ቃላት ግን በእንግሊዝኛ በመጀመሪያው ክፍል ይነሣሉ።

የሚያስደንቀው ነገር ድምፁ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዘዋወር አናባቢዎቹንም እየለወጠ መሄዱ ነው። ያልተነሣው ክፍል አናባቢ ደክሞ ከግዕዙ «ኧ»ና ከሳድሱ «እ» ወደሚቀርብ ድምፅ ይወርዳል። «ፎቶግራፍ» የሚለው ለሁሉ የታወቀ ቃል ፎ–ተ–ግራፍ ተብሎ በመጀመሪያው ይነሣል። ፎቶግራፍ አንሺው ግን ፈ–ቶግ–ረ–ፈር ይባላል፥ በሁለተኛውም ይነሣል። ስለ ፎቶግራፍ የሚሆን ነገር ደግሞ ፎ–ተ–ግራ–ፊክ ተብሎ በሦስተኛው ይነሣል። በላቲን ጽሕፈት የግንዱ ፊደሎች አልተለወጡም፤ የግዕዝ ፊደል ግን «ፎ» «ፈ» ሲሆን፥ «ግራ»ም «ረ» ሲሆን ቍልጭ አድርጎ ያሳያል። እንደዚሁም ማስታወሻ ወይም መዝገብ ማለት የሆነው ስም ሬክ–ኧርድ ተብሎ በመጀመሪያው ሲነሣ፥ መዘገበ የሚለው ግሥ ሪ–ኮርድ ተብሎ በሁለተኛው ይነሣል። ፊደላቸው አንድ ነው፤ ስሙን ከግሡ የሚለየው የድምፁ መነሻ ነው።

የዚህ ሁሉ ዝብርቅ ምክንያት በታሪክ ውስጥ ይገኛል። የጥንቱ እንግሊዝኛ ከጀርመን ቋንቋዎች ወገን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ድምፁን በግንዱ መጀመሪያ ያነሣ ነበር፤ አባት፥ እናት፥ ውሃ የሚሉት የቤት ቃላት እስከ ዛሬ እንዲሁ ናቸው። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ከያዘ በኋላ የፈረንሳይ ቃላት በብዛት ገቡ፤ ከዚያም ሊቃውንቱ ከላቲንና ከጽርዕ እየቀዱ ጨመሩ። እያንዳንዱም ወገን የራሱን ልማድ ይዞ ስለመጣ፥ ረጅም ቃል የሚያነብ ሰው ቃሉ ከማን ወገን እንደ ተወለደ መጠየቅ ያስፈልገዋል።

ከእንግሊዝኛ ረጃጅም ቃላት እጅግ የታወቀው የተወለደው ከቤተ ክርስቲያን ክርክር መሆኑን ካህናት ቢያውቁ ይወዱታል። ቃሉ «አንቲዲስኢስታብሊሽመንቴሪያኒዝም» ነው፤ በላቲን 28 ፊደሎች አሉት፥ ትርጓሜውም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት መለየት አይገባትም የሚሉ ሰዎች አቋም ማለት ነው። በዚህ ክርክር ምክንያት የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን በ1869 ዓ.ም. በወጣ ሕግ፥ ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ ከመንግሥት ተለየች፤ የዌልስም በ1914 ዓ.ም. በወጣ ሕግ፥ በ1920 ዓ.ም. ተለየች። የእንግሊዟ ግን እንደ ተያያዘች አለች። ቃሉን በዐይን ብቻ የሚያይ ሰው ይፈራዋል። አን–ቲ–ዲስ–ኢስ–ታብ–ሊሽ–መን–ቴር–ኢ–ኧን–ኢዝ–ኧም ብሎ በዐሥራ ሁለት ከከፈለው በኋላ ግን፥ በመካከሉ መመሥረት ማለት የሆነውን ግንድ «ኢስታብሊሽ»ን ያገኛል። ሌሎችም ክፍሎች በመጠኑ ይነሣሉ፤ የሁሉ አለቃ ግን ስምንተኛው «ቴር» ነው። ተራራ የመሰለው ቃል በደረጃ ሲወጡት እንዲህ ይቀላል።

ቄሱ ይህን መንገድ ይዘው ወራት አሳለፉ። ከእሑድ በፊት የሚያነቡትን ምዕራፍ በወረቀት ይጽፋሉ፥ ረጃጅሞቹን ቃላት ይከፍላሉ፥ የሚነሣውንም ክፍል በቀይ ቀለም ያመለክታሉ። መጽሐፍ ብቻውን እንደማይበቃ ግን ከንባብ ቤት ያውቁ ነበርና፥ ያችን ብላቴና ከወላጆችዋ ፈቃድ ጋራ ቅዳሜ ቅዳሜ እየጠሩ «ልጄ፥ ስሚኝ» ይሏት ጀመር። እርስዋም የተሳሳቱ እንደ ሆነ «አባ፥ እንደ ገና» ትላቸዋለች። በፈንታውም አማርኛ ያስነብቧታል። «አባቴ አለ» የሚለውን ስታነብ ሁልጊዜ አላልታ አባቴ ተናገረ ታደርገው ነበርና፥ አባትዋ መኖሩን ለመናገር ማጥበቅ እንዳለባት አስተማሯት። ሁለቱም መምህራን፥ ሁለቱም ተማሮች ሆኑ።

በኋላም ከሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 5 የሚነበብበት እሑድ ደረሰ። በዚያ ምዕራፍ ማስታረቅ ማለት የሆነው ቃል ደጋግሞ ይገኛል፤ እርሱም ሬክ–ኧን–ሲል–ኢ–ኤ–ሽን ተብሎ በስድስት ይከፈላል፥ በአምስተኛውም ይነሣል። ቄሱ ሳይቸኩሉ አነበቡት። ከቅዳሴ በኋላ ልጅቱ መስቀል ተሳልማ «አባ፥ ማስታረቅ ለተጣሉ ሰዎች ብቻ ነው ወይስ ቋንቋቸው ለማይግባባም?» ብላ ጠየቀች። ቄሱም ስለ መልሱ ከማሰባቸው በፊት ስለ ጥያቄው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። በፊት የጠየቀችው የተነበበበት ቋንቋ ምን እንደ ሆነ ነበር፤ አሁን ግን የጠየቀችው ስለ ተነበበው ነገር ነው።

ሐዋርያው በአንደኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 14 የመለከቱ ድምፅ የማይለይ ከሆነ ለጦርነት የሚዘጋጅ እንደማይኖር ያስተምራል። ይህ ትምህርት ስለ ልሳናት የተነገረ ቢሆንም ለአንባቢ ሁሉ ይሆናል። ባዕድ ቋንቋ የሚያነብ ሰው ፊደሉን ስላወቀ ብቻ ሥራውን የፈጸመ አይምሰለው። ረጅሙን ቃል አይፍራው፥ አይቸኵልበትም፤ አናባቢዎቹን በጆሮው ይቍጠር፥ ክፍሉን ይለይ፥ ጅራቱን ይመልከት፥ መዝገበ ቃላቱን ይግለጥ፥ ከሁሉም በኋላ ቋንቋው ከእናቱ ጋራ ከተሰጠው ሰው አፍ ይስማ፤ ያ ሰው ሕፃን ቢሆንም አይፈር። የሚያነበው ለሚሰማው ነውና፥ ጆሮ ላይ ያልደረሰ ቃል ከመጽሐፉ እንዳልወጣ ይቈጠራል።